ወደ ውቅር መካናት በእንስሳት ጀርባ መውጣት፦ ከፔትራው ዴር የምንማረው

ባለፈው የመስክ ጉብኝታችን በተራራ ላይ የሚገኝ የአንድ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ደርሰን ነበር። ስለ ውኃ ጕድጓድ ስንመክር ውለን ለመሰነባበት በተነሣንበት ሰዓት የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ የሆኑት መሪጌታ አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ዳገትና ደረጃ የበዛበት ስለሆነ የአጥቢያው ወጣቶች ጎብኚዎችን በበቅሎ፣ በቅሎ ሲጠፋም በአህያ እያስቀመጡ እስከ ቅጽሩ በር ያደርሳሉ። ከጉባኤው አባላት እኩሌቶቹ ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን ክብር ስለማይስማማ ፈጽሞ ይከልከል ይላሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ ልጆቹ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ ከከለከልናቸው አገር ጥለው ይሰደዳሉ ይላሉ። መሪጌታም «እናንተ ብዙ አገር ታያላችሁና እንዲህ ያለው ነገር በሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያዝ ንገሩን» አሉን።

በዚያ ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭር ነበረ፤ የሚበቃም አልነበረም። ስለዚህ ጉዳይ ስናገር ራሴን ከወቀሳ ማውጣት የማልችል ሰው ነኝና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ከምእመናን ጋር በዮርዳኖስ አገር በኩል ስንጓዝ፣ ፔትራ በተባለችው ጥንታዊት ከተማ እኔም እንደ ሌላው ጎብኚ በአህያ ጀርባ ተቀምጬ በገደል ዳር ያለውን ደረጃ ወጥቻለሁ። የመሪጌታን ጥያቄ በሚገባ ለመመለስ ያን ቀን ያየሁትንና ከዚያ በኋላ ያጠናሁትን በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ።

ፔትራና «ዴር» የተባለው ስፍራ

ፔትራ በዮርዳኖስ መንግሥት ደቡባዊ ክፍል፣ በሙት ባሕርና በቀይ ባሕር መካከል ባሉት የኤዶም ተራሮች ውስጥ የምትገኝ ከአሸዋ ድንጋይ ተፈልፍላ የታነጸች ከተማ ናት። ያነጿት ናባታውያን የተባሉ የዓረብ ወገኖች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዕጣንንና ቅመማ ቅመምን በግመል ቅፍለት እያጓጓዙ የበለጸጉ፣ በምድረ በዳም የዝናብ ውኃን በቦይና በጕድጓድ ማቆር የቻሉ ብልሆች ነበሩ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በደማስቆ ሳለ ሊያስይዘው ይጠብቅ የነበረው ገዥ የተሾመው በናባታውያን ንጉሥ እንደ ነበረ ካህናት አባቶች ከሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11 ታስታውሳላችሁ። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ106 በሮማውያን እጅ ወደቀ። ከተማዪቱም በኋለኛው ዘመን ከአካባቢው ነዋሪዎች በቀር የሚያውቃት ጠፍቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1812 ቡርክሃርት የተባለ የስዊዘርላንድ ተጓዥ ደርሶባት ዜናዋን ለአውሮፓ አሰማ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

ፔትራ የክርስትና ታሪክም አላት። ቀድሞ ለመቃብር የተፈለፈለ አንድ ታላቅ ውቅር እ.ኤ.አ. በ446 ተባርኮ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ በግድግዳው ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ይመሰክራል። ከከተማዪቱ በላይ በተራራው ራስ ላይ ደግሞ ዓረቦች «ዴር» የሚሉት ሌላ ግዙፍ ውቅር አለ። በኢየሩሳሌም ያለውን የዴር ሡልጣን ገዳማችንን ስም የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የቃሉን ትርጉም አያጣውም፤ ዴር ማለት ገዳም ነው። ስሙን ያገኘው በውስጠኛው ግድግዳ በተቀረጹት መስቀሎች ምክንያት ነው። ፊቱ ከተራራው አካል ተጠርቦ የወጣ ሲሆን ወርዱም ቁመቱም ወደ 50 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ሆኖ ወደ ሩቅ የሚመለከት ሰው በትውፊት ካህኑ አሮን ያረፈበት ነው የሚባለውን ተራራ ያያል።

ወደ ዴር የሚያደርሰው መንገድ ከ800 በላይ ደረጃ ያለው ነው። ደረጃው ከአሸዋ ድንጋዩ የተፈለፈለ ሲሆን በአንዳንድ ስፍራ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ገደል ነው። ጤነኛ ሰው በእግሩ ቢወጣ ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጅበታል። ይሁን እንጂ ጎብኚው ወደ ደረጃው ግርጌ የሚደርሰው በፀሐይ ውስጥ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው። እግሩ በዛለበት፣ ውኃውም ባለቀበት በዚያ ስፍራ ላይ አህያ የያዙ ልጆች ቆመው ይጠብቁታል።

እንስሳቱ ወደ ደረጃው እንዴት ገቡ

በፔትራ ዋሻዎች ውስጥ ብዱል የሚባሉ ዘላን ወገኖች ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። ስፍራው በዓለም ቅርስነት በተመዘገበበት ጊዜ መንግሥት ኡም ሳይሁን ወደ ተባለ አዲስ መንደር አዛወራቸው። ቤትና ትምህርት ቤት ቢያገኙም የቀድሞው የፍየልና የእርሻ ኑሯቸው ጠበበ። የቀራቸው ሀብት መንገዱን ማወቅና እንስሳቱን መያዝ ነበረና ጎብኚን በአህያ፣ በበቅሎና በግመል ማጓጓዝ ዋና መተዳደሪያቸው ሆነ። እንግዲህ አህያው ወደ ደረጃው የገባው በሰው ክፋት እንዳልሆነ ልብ ልንል ይገባል። ሰዎቹ ከቅርሱ ውስጥ ሲወጡ ከቅርሱ የሚገኘውን እንጀራ ሊያጡ አልቻሉም።

የጎብኚው ቁጥር በየጊዜው እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ1 ሚሊዮን አለፈ። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ ስፍራው ጭር አለ። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የላሊበላ አካባቢ ነዋሪዎች በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በደረሰው ጦርነት ምክንያት እንግዳ ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ በራሳቸው ኑሮ አይተውታል። እንግዳ በጠፋ ጊዜ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ያቆመዋል። በቅሎ ያለው ግን ገቢ ኖረም አልኖረም በየቀኑ ማብላት አለበት። ስለዚህ እንግዳ በመጣ ዕለት ያለፈውን ጉድለት ሁሉ በአንድ ቀን ለመሙላት ይጣደፋል።

የጥፋቱ አካሄድ ይህን ይመስላል። አንድን ጎብኚ ለማግኘት አምስት ወጣቶች ሲሻሙ ዋጋው ይወርዳል። ዋጋው ሲወርድ የዕለቱን እንጀራ ለማግኘት ምልልሱ ይበዛል። ምልልሱ ሲበዛ እንስሳው ሳያርፍ፣ ሳይጠጣና ቁስሉ ሳይደርቅ ይጫናል። እንስሳው ሲደክም ዱላ ይበረታበታል። ዱላውን ያየ ጎብኚ ደግሞ ስለ አካባቢው ክፉ እየተናገረ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚጎዱት ያው ወጣቶቹ ናቸው።

በአንዲት አህያ ጀርባ ላይ ያየሁት

እኔ የተቀመጥኩባትን አህያ ይመራ የነበረው ዕድሜው 13 ዓመት ገደማ የሚሆን ልጅ ነበር። በጅማሬው ደስ ብሎኝ እንደ ነበረ አልሸሽግም። ሆሣዕናን እያሰብኩ፣ አብረውኝ ያሉት ምእመናንም ፎቶግራፍ እያነሡኝ ወጣሁ። ወደ እኩሌታው ስንደርስ የአህያዋ የኋላ እግር በተጠረገ ደረጃ ላይ አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች። እኔ በግድግዳው ወገን ስለ ነበርኩ አንዳች አልሆንኩም። ልጁ በዱላው ሊያነሣት ሲሞክር ወርጄ ኮርቻውን እንዲፈታላት ለመንኩት። ኮርቻው በተነሣ ጊዜ ከሥሩ የእጄን መዳፍ የሚያህል ገጣባ አየሁ፤ ጨርቁም ተጣብቆበት ነበር።

ልጁን በአስተርጓሚያችን አማካይነት ጠየቅሁት። ለዚያ ቀን አራተኛ ምልልሷ እንደ ሆነ፣ አህያዋ የእርሱ እንዳልሆነች፣ ለባለቤቷ የተወሰነ ገንዘብ ካላስገባ በማግስቱ ሥራ እንደማያገኝ ነገረኝ። የቀረውን ደረጃ በእግሬ ወጣሁ፤ ሒሳቡን ግን በሙሉ ከፈልኩት። ልጁም በመገረም ተመለከተኝ። ዴር ዘንድ ደርሼ መስቀሎቹን ስሳለም ደስታዬ ጎድሎ ነበር። ገጣባው ኮርቻው ከመጫኑ በፊትም ነበረ፤ አላየሁትም፤ ለማየትም አልጠየቅሁም። ገንዘቡን የሰጠሁ እኔ ነኝና ልጁን ብቻ ብወቅስ ተረቱ እንደሚለው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ይሆንብኛል።

እንስሳው ምን ያህል ይችላል?

በዚህ ረገድ ለሰበካ ጉባኤዎች የሚጠቅም አንድ መለኪያ አለ። በግሪክ አገር ሳንቶሪኒ በተባለች ደሴት ከወደቡ ወደ ከተማው የሚያወጣውን ረጅም ደረጃ ጎብኚዎች በአህያና በበቅሎ ይወጡት ነበር። ብዙ ወቀሳ ከተነሣ በኋላ የግሪክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በእንስሳቱ ላይ የሚጫነው ከ100 ኪሎ ግራም ወይም ከእንስሳው ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ ወሰነ።

አንድ አምስተኛ የሚለውን በእኛ እንስሳት ላይ እንየው። 120 ኪሎ የምትመዝን አህያ አንድ አምስተኛዋ 24 ኪሎ ነው። ይህም ሕፃን ልጅ ወይም መጠነኛ ሻንጣ ነው እንጂ ጎልማሳ ሰው አይደለም። 250 ኪሎ የሚመዝን በቅሎ አንድ አምስተኛው 50 ኪሎ፣ 300 ኪሎ የሚመዝን ደግሞ 60 ኪሎ ይሆናል፤ የኮርቻውም ክብደት በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። እንግዲህ በዚህ መለኪያ አህያ ጎልማሳ ሰውን በዳገት ላይ ልትሸከም አይገባትም። በቅሎም ቢሆን ቀጠን ያለ ሰው ካልሆነ በቀር በደረጃ ላይ ይከብደዋል። የእንስሳውን ክብደት ለማወቅ ሚዛን ባይገኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክቶ በቅርብ ግምት ሊነግራችሁ ይችላል።

ደረጃ ከሜዳ የሚለይበትም ምክንያት አለ። ሲወጣ ሸክሙ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የደረት ማሰሪያውም ቆዳን ይፈትጋል። ሲወርድ ሸክሙ ሁሉ ወደ ትከሻና ወደ ፊት እግሮች ይወድቃል። በቁልቁለት የተሰናከለ እንስሳ ራሱን ለማዳን ጊዜ አያገኝም፤ የተቀመጠውንም ሰው ወደ ፊት ይጥለዋል። ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት አደገኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሌላው መታወቅ የሚገባው አህያ ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ መሆኗ ነው። ፈረስ ሲታመም ይወራጫል። አህያ ግን ዝም ብላ ትቆማለች። ሰውም ዝምታዋን እንደ ትዕግሥት ወይም እንደ ግትርነት ይቆጥረዋል። ራሷን ዝቅ አድርጋ መቆሟ፣ ለመብላት አለመቸኮሏ፣ አንዱን እግሯን ማሳረፏ የሕመም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የቆሸሸ ውኃም ብትጠማ እንኳ ላትጠጣ ትችላለች፤ አልጠጣችም ማለት አልጠማትም ማለት አይደለም።

ድንጋዩስ?

ጉዳዩ የእንስሳት ብቻ አይደለም። የፔትራ የአሸዋ ድንጋይ ለስላሳ ስለሆነ ብረት የተመታ ሰኮና በየቀኑ ሲረግጠው የደረጃው ጠርዝ ይፈረፈራል፤ መካከሉም ይጎደጉዳል። የእንስሳቱ ሽንትና ፋንድያ በስንጥቆቹ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው ጨው ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። በመጨረሻም መንገዱ ስለሚያዳልጥ እንስሳውም እግረኛውም ይወድቃሉ። የስፍራው አስተዳደር ነገሩን በመገንዘብ ወደ ከተማዪቱ በሚያስገባው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይመላለሱ የነበሩትን የፈረስ ጋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በኤሌክትሪክ በሚሠሩ አነስተኛ ተሽከርካሪዎች ተክቷል። ወደ ዴር በሚያወጣው ደረጃ ላይ ግን ተሽከርካሪ ሊሄድ ስለማይችል የአህያው ጥያቄ በጋሪው መፍትሔ አልተዘጋም።

የእኛም ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ከተራራው ጋር አንድ አካል ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በመዘገባቸው በ11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው መተላለፊያ፣ ደረጃና ቅጽር ከዚያው ዐለት የተፈለፈለ ነው። ከከተማው በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ወደ አሸተን ማርያም ጎብኚዎች በበቅሎ መውጣታቸው የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ደረጃው ራሱ የቅርሱ ክፍል እንደ ሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። አባቶቻችን በመዶሻና በመሮ የሠሩትን ደረጃ በሰኮና ካስፈረስነው በሲሚንቶ መልሰን ልንተካው አንችልም።

መጽሐፍና ትውፊት ምን ያስተምሩናል

ሰበካ ጉባኤያት በዚህ ጉዳይ ላይ ለመወሰን ከውጭ አገር መመሪያ በፊት የራሳቸው መሠረት አላቸው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 የጠላት አህያ እንኳ ከሸክሙ በታች ወድቆ ቢገኝ ሊያነሡት እንጂ አልፈውት ሊሄዱ እንደማይገባ ታዟል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 የሰንበት ዕረፍት ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለበሬውና ለአህያውም ተሰጥቷል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 የጻድቅን ሰው መለያ ለእንስሳው ከመራራቱ ጋር አያይዞታል። የበለዓም አህያ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል። በለዓም ሦስት ጊዜ የመታት አህያ እርሱ ያላየውን መልአክ አይታ ነበር፤ መልአኩም በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ ምን መታሃት ብሎ ነው።

የሆሣዕናን በዓል ትርጓሜም እናስብ። ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም በገባበት ቀን ከጎዳናው 16 ምዕራፍ 14ቱን በእግሩ እንደ ሄደ፣ 2ቱን ብቻ በአህያዪቱ እንደ ተቀመጠ፣ በውርንጫይቱም ቤተ መቅደሱን ሦስት ጊዜ እንደ ዞረ መምህራን በትርጓሜያቸው ያስተምራሉ። እኔ ፔትራ ላይ ሆሣዕናን እያሰብኩ በአህያ ስወጣ ይህን ትምህርት አላሰብኩትም ነበር። ጌታ ብዙውን በእግሩ፣ ጥቂቱን በእንስሳ ሄዶ ሳለ እኔ ጥቂቱን በእግሬ፣ ብዙውን በእንስሳ ልሄድ ወጥቼ ነበር።

ከዚህም ጋር በሀገራችን የታወቀ ሥርዓት አለ። በቅሎ ተቀምጦ የሚጓዝ ሰው፣ ባለ ሥልጣንም ቢሆን ካህን፣ ቤተ ክርስቲያን ባየ ጊዜ ወርዶ ይሳለማል። ለመቅደሱ ያለንን ክብር የምንገልጥበት ይህ ልማድ እንስሳውን ከመጨረሻው ዳገት ያሳርፈዋል፤ ከድንጋዩም ያርቀዋል። ስለዚህ ለጎብኚዎች የምናወጣው ሕግ አዲስ መሆን አያስፈልገውም፤ ያለውን ሥርዓት ለእንግዳም ማስተማር ይበቃል።

ሰበካ ጉባኤ ሊያደርግ የሚችለው

ከላይ በተጠቀሱት ላይ ተመሥርተን የሚከተሉትን እንመክራለን።

አንደኛ፣ የመውረጃ ስፍራ ይወሰን። ደረጃው ወይም ፍልፍሉ ከመጀመሩ በፊት ጥላና ውኃ ያለበት ቦታ ተመርጦ በድንጋይ ካብ ይመልከት። ከዚያ ወዲያ ማንም ተቀምጦ አይለፍ። ይህ ለጎብኚም፣ ለአስጎብኚም፣ ለእንግዳ ካህናትም እኩል ይሁን። ለአንዱ ከተፈቀደ ለሌላው መከልከል አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ማን እንደሚቀመጥ ይወሰን። በቅሎ በቅድሚያ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ለእርጉዞች ይሁን። በአህያ ላይ ጎልማሳ ሰው አይቀመጥ፤ አህያ ሻንጣና ውኃ ትሸከም። ጤነኛ ጎብኚ በእግሩ እንዲወጣ፣ ዕቃው ግን በእንስሳ እንዲሄድለት ቢደረግ ወጣቱ ገቢውን አያጣም።

ሦስተኛ፣ ቁልቁለቱ ለሁሉም በእግር ይሁን። እንስሳው ባዶ ጀርባውን ይውረድ። በእግሩ መውረድ የማይችል ሰው ካለ ሰው ደግፎት በዝግታ ይውረድ።

አራተኛ፣ ተራና ቋሚ ዋጋ ይኑር። ወጣቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ስማቸውና የእንስሳቸው ምልክት በመዝገብ ይጻፍ። ጎብኚውን የሚመድበው የዕለቱ ተራ አስከባሪ እንጂ የጮኸ ወይም ዋጋ የሰበረ አይሁን። ለአንድ እንስሳ በቀን የሚፈቀደው ምልልስ ይወሰን፤ በምልልሶቹ መካከልም ኮርቻው ወርዶ ይረፍ። ለምሳሌ 10 በቅሎዎች ባሉበት አጥቢያ በአንድ ቀን 30 እንግዶች ቢመጡ ሁሉንም ማስቀመጥ ለእያንዳንዱ በቅሎ ሦስት ምልልስ ነው። ከ30ው 20ው በእግራቸው ወጥተው ለአጃቢና ለዕቃ ተሸካሚ ቢከፍሉ ግን እያንዳንዱ በቅሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፤ ሥራውም ለብዙ ሰው ይዳረሳል።

አምስተኛ፣ ጠዋት ጠዋት ኮርቻ ከመጫኑ በፊት የእንስሳቱ ጀርባ ይታይ። ገጣባ ያለበት፣ የሚያነክስ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ ወይም ያረገዘ እንስሳ በዚያ ቀን አይሠራም። ባለቤቱ በዚህ ምክንያት ባዶ እጁን እንዳይገባ ማኅበሩ ከየምልልሱ ጥቂት እየቆረጠ የሚያስቀምጠው የመጠባበቂያ ገንዘብ ይኑረው። ይህ ገንዘብ ከሌለ ቁስሉ በጨርቅ ተሸፍኖ መጫኑ አይቀርም። እንግዳ በሚጠፋበት ዘመንም የእንስሳቱ መኖ የሚገዛው ከዚሁ ነው።

ስድስተኛ፣ ትምህርት የሚገባው ልጅ በትምህርት ሰዓት እንስሳ ይዞ ዳገት ላይ አይገኝ። ይህን ማስከበር የሚችለው ከማንም በላይ የንስሐ አባት ነው።

ሰባተኛ፣ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቋሚ ቀን ይያዝ። በሀገራችን ስለ አህያና ስለ በቅሎ ደኅንነት የሚሠሩ ድርጅቶችም ስላሉ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ኮርቻን በአግባቡ ስለ መሥራትና ሰኮናን ስለ መንከባከብ ሥልጠና መጠየቅ ይቻላል። በፔትራም ብሩክ የተባለው የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ለባለ እንስሳቱ ሕክምናና ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። ይሁን እንጂ እኔ ካየሁት እንደ ተረዳሁት ሐኪም ብቻውን በቂ አይደለም። ምልልሱን የሚወስን ሥርዓት ከሌለ ዛሬ የታከመው ቁስል ነገ በዚያው ኮርቻ ይከፈታል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መፈጸም ለማይቻለው አጥቢያ ከመውረጃው ስፍራና ከጠዋቱ የጀርባ ምርመራ እንዲጀምር እንመክራለን። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። በመውረጃው ስፍራ ላይ ለጎብኚዎች የሚነበብ አጭር ማስታወቂያ በአማርኛና በውጭ ቋንቋ ቢሰቀል፣ ጎብኚውም ኮርቻው ተነሥቶ የእንስሳውን ጀርባ ለማየት መጠየቅ እንደሚችል ቢነገረው መልካም ነው። እኔ ያን ቀን እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንብቤ ቢሆን ኖሮ እጠይቅ ነበር።

ለመሪጌታ የቀረበ መልስ

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ይከልከል ወይስ ይፈቀድ? ፈጽሞ መከልከል ወጣቶቹን ከዳገቱ ያርቅ ይሆናል። ሆኖም አካሄዱ ከሰበካ ጉባኤው ዓይን ይሰወራል እንጂ አይቀርም። እንስሳቱ በሌላ መንገድ፣ በሌሊት ወይም በሌላ መንደር ሰው በኩል ወደ ዳገቱ ይመጣሉ። እንዲሁ መፍቀድ ደግሞ ፔትራ ላይ ያየሁትን ገጣባ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ማምጣት ነው። በሥርዓት መምራት ከሁለቱም የሚከብድ ሥራ ነው፤ በየጠዋቱ ሰው መመደብን፣ በየወሩ ሒሳብ መቁጠርን፣ አንዳንድ ጊዜም ዘመድን ማስቀየምን ይጠይቃል። ነገር ግን ወጣቶቹም ምእመናን፣ ድንጋዩም ቅርስ፣ እንስሳውም የእግዚአብሔር ፍጥረት ስለሆኑ ሦስቱንም በአንድነት የሚጠብቅ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

መሪጌታ ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ በመጀመሪያ ጉባኤውን ሳይሆን ባለ በቅሎዎቹን ወጣቶች ሰብስበው እንዲያወያዩአቸው እለምናለሁ። መንገዱን፣ ደረጃውንና የእያንዳንዱን በቅሎ ጠባይ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። ራሳቸው ያወጡትን ሕግ ደግሞ ከተጫነባቸው ሕግ ይልቅ ያከብሩታል። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያሉ ሌሎች አጥቢያዎችም የሞከሩትንና ያስቸገራቸውን ቢጽፉልን በሚቀጥለው ዕትም ለሁሉም እናካፍላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።